እትዬ ከድጃና ጥልቁ ውኃ

ልጄ አህመድ ለአረፋ ከአርባ ምንጭ ሲመጣ ከሻንጣው ጎን ታስሮ የመጣውን ረጅም ከረጢት ጃንጥላ መስሎኝ ከበር ኋላ አቁሜው ነበር። ከምሳ በኋላ ሲፈታው አራት ቦታ የተከፋፈለ፣ አንዱ ጫፍ ሌላው ውስጥ እየገባ የሚቀጣጠል ቀጭን ዘንግ ወጣ፤ ሲገጣጠም ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል፣ ሲያነሱት ግን ክብደት የለውም። እጀታው ቡሽ ነው፤ ከእጀታው ሥር ክር የሚጠቀለልበት መዘውር አለው፤ ክሩም እንደ ጫማ ማሰሪያ የወፈረ ቢጫ ነገር ነው። አህመድ እዚያ የአገር ጎብኚዎች መኪና ስለሚነዳ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ እንግዳ ከነማሸጊያው ሸጦለት ነው።

«እማ፣ የአሳ ማጥመጃ ነው፤ ላንቺ ነው ያመጣሁት» አለኝና ከደረት ኪሱ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሳጥን አውጥቶ ከፈተልኝ። ውስጡ ጥቃቅን መንጠቆዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የዶሮ ላባ በክር ተጠፍሮ፣ ክሩ ሰም ተቀብቶ፣ ልክ ውኃ ላይ ያረፈች ዝንብ አስመስሎታል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ላባና ሰም። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምሸጥ፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ የሚያቃስት ሴት ነኝ፤ ያ ሽታ ግን ጉልበቴን አድሶ ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው ወንዛችን ዳር አስሮጠኝ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ከድጃ፣ ፌንጣ በሚጠፋበት ወር የአውራ ዶሮ አንገት ላባ በመንጠቆ ላይ በክር እያሰረች፣ ክሩን በሰም እያሸች አሳውን ታታልለው ነበር። አህመድ ትንሽ ሳለ እንቅልፍ እምቢ ሲለው የማወራለት የእሷን ነገር ነበር። ታሪኩን ሁልጊዜ አሳው ላይ ጀምሬ አሳው ላይ ነው የምጨርሰው፤ እንዴት ከአገር እንደወጣች ነግሬው አላውቅም።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ነገርን የሚያየው በእጁ ነውና ዘንጉን አምጡልኝ አለ። አህመድ አስያዘው። ከእጀታው እስከ ጫፉ ዳሰሰው፣ ወዘወዘው፣ ፈገግ አለ።

«አሏህ ይርሀማት፣ እህቴ ይህን ብታይ!» አለ። «አሳ ማጥመድ ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ። ያኔ በዚህ አገር አሳ ማን ያውቃል? ይኸው ምልክቱ።» መዳፉን ዘረጋ። ከአውራ ጣቱ ሥር ተነስቶ እስከ ትንሿ ጣቱ የሚሄደውን ነጭ ጠባሳ ለልጄ አሳየው። «መንጠቆ ነው። እሷን ሳለማምድ ቀደደኝ።»

አህመድ ተንበርክኮ ጠባሳውን በጣቱ ነካው፤ «ወላሂ አያ፣ አንተ ጉደኛ ነህ» አለ። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ሻዩን ሳላቀርብ ይዤው ወደ ጓሮ ዞርኩና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ያ ጠባሳ ሲወጣ ነበርኩ። ደሙ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ።

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እትዬ ከድጃ እወርድ ነበር። ከተማው ላይ ገብስና ባሕር ዛፍ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ሻሼን እያወለቅሁ፣ ግራሩ ዘንድ ስደርስ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል፣ ወንዙ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። ቤቷ ከአባቷ በደረሳት ቁራጭ መሬት ላይ፣ ከገደሉ ሥር ነበረች። ባሏ አልወልድ ብትለው ፈትቷት ተመልሳ የመጣች ናት፤ ሰው ሁሉ አንገቷን ደፍታ ትኖራለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ሸምበቆ ቆርጣ፣ ከምድጃዋ በላይ ሰቅላ በጭስ አድርቃ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የመዘዘችውን ክር ገምዳ፣ ወንዝ ወረደች። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት «ረሃብ» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ ትስቅና «ደግሞም የዓሣ አሞራ አየሁ» ትላለች።

ከቤቷ በታች ወንዙ ገደሉን መትቶ የሚታጠፍበት ቦታ ጥቁር አረንጓዴ ጥልቅ ውኃ አለ። እትዬ ከድጃ እዚያ ቋጥኝ ላይ ትቀመጥና አሳውን ትሰድበዋለች። ሌላ ሰው ሲያጠምድ ዝም ይላል አሉ፤ እሷ ግን «ና አንተ ሌባ፣ ትናንት ፌንጣዬን በልተህ የት ልትደርስ ነው?» እያለች ነው። ከሁሉ ትልቁን፣ ከንፈረ ወፍራሙንና ሆዳሙን፣ ማንም ያልያዘውን አሳ «ዳኛው» ብላ ሰይማው ነበር፤ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል፣ ግን አይያዝም። አንድ ቀን እውነተኛው የአገሩ ዳኛ በቅሎውን ሊያጠጣ ሲወርድ «ዳኛው ዛሬም ጉቦውን በልቶ ሄደ!» ብላ ስትጮህ ደረሰ፤ እኔ በሳቅ ውኃ ውስጥ ልወድቅ ስል እሷ ቀልጠፍ ብላ ተነስታ በቅሎዋን ስለ ጤንነቷ ጠየቀቻት።

እኔን ያስተማረችኝ በመቆጣት ነው። «ጥላሽን ውኃው ላይ አትጣይ! አሳ ሊይዝ የመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። ፌንጣውን እንዴት ሳይሞት እንደምሰካ፣ ክሩ ሲወጠር ሳልደነግጥ ልብ ብዬ እንደምጠብቅ፣ ጫፉ ሁለቴ ሲነቀነቅ ብቻ እንደምስብ አሳየችኝ። የያዝነውን በጉሎ ቅጠል ጠቅልለን እንወጣለን፤ በአዋዜ አሽታ በፍም ላይ ትጠብሰዋለች። የተረፈውን አድርቃ ትሸጠዋለች። በጾም ወራት ከላይ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤቶች ጀምበር ስታዘቀዝቅ እየተሸፋፈኑ ይመጡና «ለበሽተኛ ነው እትዬ ከድጃ» ይሏታል፤ እሷም «አሏህ ይማራቸው፣ ዘንድሮ በሽተኛው በዝቷል» ብላ ትሰጣቸዋለች።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው «አሳ በላ!» ይሉኛል። እኔ ግድ አልነበረኝም። ግድ የነበረው አባቴ ነው። ያኔ ሱቁን ገና የከፈተ፣ ነጭ ጋቢ የሚደርብ፣ ሽማግሌዎች መሐል መቀመጥ የጀመረ ሰው ነበር። አቀስታ ላይ ትልቅ የእህል መጋዘን ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነጋዴ ነበር፤ አባቴ ከእሱ ጋር በንግድ መጣመር ፈለገና እህቱን ሊድርለት ቃል ሰጠ። እሷን ሳይጠይቅ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በግ ታርዶ፣ እሷ ከቆላ ተጠርታ መጣች። እናቴና እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። አባቴ የሰውየውን ሀብት ዘርዝሮ ሲጨርስ እትዬ ከድጃ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በእርጋታ፣

«እንዲህ ከወደድከው አንተ አግባው» አለችው።

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲሞክር ሌላው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። በሳምንቱ ገበያ ላይ ቃሏን ያልሰማ አልነበረም። አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ በቆመ ቁጥር ከበስተኋላው የሚስቅ ሰው ነበረ። እናቴ «አብሽር፣ የሰው ወሬ ያልፋል» ብትለው ሻዩን ከነብርጭቆው ግድግዳው ላይ ወረወረው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ስወርድ ከቤቷ በኩል የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ቡና መስሎኝ ሮጥኩ። እሷ ቤት አልነበረችም፤ ክር ልትገዛ ወደ ገበያ ወጥታለች፤ አባቴም ይህን አውቆ ነው የወረደው። ደጇ ላይ ሦስት ጎረምሶች በራሷ ሙቀጫ ብርብራ ይወቅጣሉ። ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን አሳን አስክሮ የሚገድል ዛፍ ነው፤ በአገራችን ያንን የሚያደርግ ሰው የወንዙን ልጅ ሁሉ አንድ ላይ እንደጨረሰ ይቆጠራል። አባቴ ጃንጥላውን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያሠራል። ሲያየኝ «ወደ ቤት ሂጂ» አለኝ። አልሄድኩም።

ዱቄቱን በከረጢት ተሸክመው ወርደው ጥልቁ ላይ በተኑት። ውኃው ወተት የነካው መሰለ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ትንንሾቹ፣ ጥፍር የማያክሉት፣ እንደ ገለባ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ መካከለኞቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው አየር እየጎረሱ ይዞሩ ጀመር፤ በመጨረሻም ያ ከንፈረ ወፍራም ዳኛ፣ በእውነት ትልቅ ነበር፣ ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ወጣ። ጎረምሶቹ ጮኸው ዘለሉ። የሚበላው አልነበረም፤ አሳ አይበሉም እኮ! ለመብላት ቢሆን ኖሮ ቁጣዬ ግማሽ ይሆን ነበር።

እትዬ ከድጃ ከቁልቁለቱ ላይ ስትወርድ አየኋት። አልጮኸችም። ወንዙ ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች፤ ያንን ትልቁን አሳ በሁለት እጇ ያዘችውና ንጹሕ ውኃ ወደሚፈስበት ጥግ ወስዳ፣ አፉን ወደ ጅረቱ አዙራ፣ ረጅም ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰች ልታነቃው ሞከረች። አልነቃም። ለቀቀችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ጨረስክ?» አለችው።

አባቴ ከድንጋዩ ተነሳ። ቤቷ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የነበረውን የሸምበቆ ዘንግ አስቀድሞ አውርዶት ነበርና አንስቶ ጉልበቱ ላይ ሰበረው። ሸምበቆ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ አይሰበርም፤ ይሰነጠቃል፤ ስንጣሪው እንደ ምላጭ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ደሙ በነጩ ጋቢ ላይ ወረደ። «አሁን ምን እንደምትበዪ እናያለን» አላት። «አቀስታ ትሄጃለሽ።»

እሷ ከውኃው ወጥታ፣ ቀሚሷን ጨምቃ፣ የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ቁስሉን አሰረችለት። ይህን እስከ ዛሬ ልረዳላት አልቻልኩም። ስታስር ግን ፊቱን አላየችም። እኔን ሳመችኝ፤ ፀጉሬን ገልጣ ግንባሬን። በማግስቱ እውነትም አቀስታ ሄደች፤ በእግሯ። ግን ሽማግሌው ነጋዴ ቤት አልገባችም፤ በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ደሴ፣ ከደሴ ሐይቅ። እዚያ ሐይቁ ዳር ለአጥማጆች አሳ እየበለተች እንደምትኖር ከሹፌሮች እንሰማ ነበር። ሄጄ እንድጠይቃት ስለምነው አባቴ ስሟን ከአፌ አልሰማ አለ። ወሬዋ ሲቋረጥ ትንሽ ቆየና መርዶዋ መጣ። ሐዘኑ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። «እናቴ ነበረች» እያለ ደረቱን ሲመታ ሰው ደግፎ ያዘው፤ እኔ አንዲት እንባ አልወጣኝ ብሎ ሰዎች «ልበ ደንዳና» አሉኝ። ያልወጣው በንዴት ነው።

ይህን ሁሉ ጓሮ ቆሜ ሳስብ ሻዩ በረደ። ወደ በረንዳው ተመለስኩ። አባቴ አሁንም እየተረከ ነው፤ ፌንጣ እንዴት እንደሚሰካ ለልጄ ያስረዳል፣ በሕይወቱ ፌንጣ ይዞ የማያውቀው ሰውዬ።

«አባባ» አልኩት፣ «ጠባሳው የመንጠቆ አይደለም።»

አህመድ እኔን አየ፣ እሱን አየ።

«ሸምበቆዋን ሲሰብሩ ነው የቆረጠዎት። ብርብራውን በሙቀጫዋ ያስወቀጡት እርስዎ ነዎት። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ሂጂ አሉኝ፣ አልሄድኩም።»

ድምፄ ከአጥር አልፎ ጎረቤት ደርሷል። በዚህ ዕድሜዬ አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ መዳፉን ዘጋው፣ ከፈተው፣ ጭኑ ላይ ሸሸገው።

«የሰው አፍ ነው» አለ በመጨረሻ። «ያኔ የሰው አፍ ክፉ ነበር።» ደግሞም፣ «አሳው እኮ ተመልሷል አሉ» አለኝ።

«አሳውማ በዚያው ክረምት ከዓባይ ተመልሶ ወጣ» አልኩት። «ያልተመለሰችው እሷ ናት።»

አህመድ ዘንጉን ፈታትቶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ።

በነጋታው ጠዋት አህመድን ቀሰቀስኩና ወረድን። መንገዱ እስከ ግማሽ ድረስ ባጃጅ ይሄድበታል፤ ከዚያ በኋላ በእግር፤ ጉልበቴ አለቀሰ። የቤቷ ቦታ ላይ ጥቂት ድንጋይና እሬት ቀርቷል። ወንዙ ቀጥኗል፤ ከበላዩ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ሞተር ተክለው ይስቡታል፤ ጥልቁ ግን አለ፣ አረንጓዴነቱም አለ። አህመድ ዘንጉን አቀጣጠለ። እንግዳው እንዳሳየው ከሆነ ይህ ዘንግ እንደ ሸምበቆ አይጣልም፤ ቢጫው ክር በአየር ላይ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ ለአፍታ ቆሞ፣ ወደ ፊት መወርወር አለበት። የመጀመሪያው ውርወራዬ ነጠላዬን ያዘ። ሁለተኛው ግራሩን። ቀጥሎ የአህመድን ኮፍያ ከራሱ ላይ አንስቶ ውኃ ውስጥ ከተተው፤ እሱ ሊስቅ ፈልጎ ፊቴን አይቶ ተወው። እኔ እየተናደድኩ በኃይል በወረወርኩ ቁጥር ክሩ እየተሰበሰበ እግሬ ሥር ይወድቃል። ያ ዘንግ ንዴትን አይወድም። ደክሞኝ፣ ክንዴ ዝሎ፣ ቀስ ብዬ ስወረውር ጊዜ ክሩ ተፈታ፤ ላባዋ ጥልቁ ላይ ያለ ድምፅ አረፈች።

የዘንጉ ጫፍ ሁለቴ ተነቀነቀ። ሳብኩ። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ መዘውሩ ጮኸ፣ አህመድም ጮኸ። አሳው ወደ ገደሉ ሥር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ዘለለ፤ ወርቃማ ቅርፊቱ ፀሐይ ላይ በራ። በነጠላዬ ጠቅልዬ አወጣሁት። እዚህ ላይ ቆምኩ። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ አላውቅም! እንዴት ታርዶ እንደሚጸዳ፣ ቢላው ከየት ገብቶ የት እንደሚወጣ፣ የትኛው አጥንት እንደሚቀድም፣ ይህንን ሁሉ እትዬ ከድጃ ነበረች የምታደርገው፤ እኔ ገና ማጥመዱ ላይ ነበርኩ። አህመድ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ሊፈልግ ሞከረ፣ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም። በድንጋይ መታሁት፣ በቢላ ተርትሬ፣ ሐሞቱን አፍርጬ፣ ግማሹን ሥጋ ከቅርፊቱ ጋር ጥዬ፣ አበላሸሁት። ያኔ አለቀስኩ፤ ለሐዘኗ ያላለቀስኩትን ያህል። አህመድ «አብሽሪ እማ» እያለ ጀርባዬን ይዳብሰኛል፤ እኔ ግን አዝኜ ብቻ አልነበረም። ሴትዮዋ ሁሉን ልታስተምረኝ ትችል ነበር። ዕድሜ ልኬን ልወርድላት እችል ነበር። ልጄ ታሪኳን ሳይሆን እሷን ራሷን ያውቃት ነበር፤ በቅሎን ስለ ጤንነቷ ስትጠይቅ ይሰማት ነበር። አንድ ሰው ስለተሳቀበት ይህ ሁሉ ቀረ።

ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አሳውን በአዋዜ ጠብሼ በሳህን አቀረብኩ። ለአባቴ ሽሮ ነበር የሠራሁት፣ ትኩስ። ሽታው ደርሶት እጁን ወደ አሳው ሳህን ዘረጋ። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ይህ ለእርስዎ አይደለም አባባ» አልኩት። «ሽሮዎ በግራዎ ነው።»

አህመድ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። በእኛ አገር ልጅ ለአባቱ ምግብ አይነፍግም፤ እኔም ከዚያ በፊት ነፍጌ አላውቅም። አባቴ እጁን አየር ላይ ትንሽ አቆይቶ መለሰው። እኔ በላሁ። ሐሞት ሐሞት ይላል፣ አጥንቱ ይወጋል፤ እየወጋኝ በላሁት።

አባቴ ሽሮውን ሁለት ጊዜ ጎረሰና ተወው። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ የማያዩት ዓይኖቹ ትከሻዬ ላይ አረፉ።

«ቁርጥ ከድጃ» አለ።

ይስደበኝ ያመስግነኝ አላወቅሁም። አልጠየቅሁትም። ሳህኑንም አላቀረብኩለትም።